«ከዚያ ቀን ወዲህ» የሚለው ጥያቄ

አንድ ንጉሥ ነበር። ብዙ ዓመት የፈጀው ጦርነት አብቅቶ አገሩ ሲረጋጋ፣ የሕዝቡ ቁስል ቢደርቅም ልቡ እንዳልዳነ አስተዋለ። ገበያ መሃል ዕቃ ሲወድቅ መሬት ላይ የሚደፋ ወታደር፣ የበሩን መቀርቀሪያ አሥር ጊዜ የሚነካካ አባወራ በዛ። ንጉሡም አርባ አልጋ ያለው ማገገሚያ ቤት አሠራና የቤተ መንግሥቱን ሐኪም ጠርቶ፣ «በጣም የተጎዱትን ለይተህ አስገባልኝ» አለው።

ሐኪሙ የዋዛ ሰው አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጦ አሥራ ሰባት ጥያቄዎች አዘጋጀ። እያንዳንዱ ሰው «በፍጹም»፣ «አንዳንዴ»፣ «ብዙ ጊዜ» ወይም «ሁልጊዜ» ብሎ ስለ ራሱ ይመልሳል፤ ለመልሱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ከሠላሳ ያለፈ አልጋ ያገኛል። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ለሚስቱ እንኳ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ወታደር፣ «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርግ እንባው ይቀድመው ነበር። ሠላሳ ስድስት አልጋ በዚህ መንገድ ሞላ። አራቱ ባዶ ሲቀሩ ሐኪሙ ደስ አለው፤ አገሩ ከተፈራው በላይ ጤነኛ ነው ብሎ ለንጉሡ ሊያበሥር ተዘጋጀ።

በመጨረሻ ከተጠየቁት አንዷ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። በዘጠኝ ዓመቷ ዘራፊዎች ከመንደሯ ወስደው ለአንድ ባላባት ሰጧት። በግቢው ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ስትፈጭና ስትደበደብ ኖራ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ የአራት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ነጻ ወጣች። ማንበብ ስለማትችል ጥያቄዎቹን ሐኪሙ ራሱ አነበበላት።

«ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ እንቅልፍሽ ተለውጧል?»

«ኧረ አልተለወጠም፣ ጌታዬ።»

«ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው መፍራት ጀምረሻል?»

«አልጀመርኩም።»

«በፊት ያስደስትሽ የነበረው ነገር አሁን አላስደስት ብሎሻል?»

ጥቂት አሰበች። «ያው እንደ በፊቴ ነኝ።»

አሥራ ሰባቱም ጥያቄዎች አለቁ፤ አንድም ነጥብ አላገኘችም። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፣ «ተመስገን በይ፣ ልጄ። ጤነኛ ነሽ» ብሎ አሰናበታት።

ደብሪቱ ግን ደስ አላላትም። ወደ ሐኪሙ የሄደችው ልጇ ጎረቤታቸውን እትዬ ታንጉትን «እማዬ» ብላ መጥራት በመጀመሯ ነበር። ልጅቷ ስትጠጋት ሰውነቷ ይደርቃል፤ ልታቅፋት እየፈለገች ክንዷ እሺ አይላትም። ቤት እንደ ደረሰች የተጠየቀችውን ሁሉ ለታንጉት ነግራ፣ «ጤነኛ ነሽ ብለውኛል። እንግዲህ ጠባዬ ነው ማለት ነው፤ ክፉ እናት ነኝ። ልጅቷን እርስዎ ያሳድጉልኝ» አለቻት። ይህን ስትል ልብሷን መጠቅለል ጀምራ ነበር።

ታንጉት ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታደርግ ሐኪሙ ዘንድ ከተፍ አለች።

«ደብሪቱን ጤነኛ ናት ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ሐኪሙ ወረቀቱን አወጣ። «እናቴ፣ እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ራሷ የመለሰችው ነው።»

«ዋሸች አልኩ እንዴ? አንድም አልዋሸች! እርስዎ ‹ከዚያ ቀን ወዲህ› ይሏታል። የቱ ቀን? አሥራ አራት ዓመት ነው እኮ! ጨዋታ ሳትጠግብ የተወሰደች ልጅ ከምኑ ጋር አስተያይታ ተለወጥኩ ትበልዎት?»

ሐኪሙ ተነሣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተከተላት። ደብሪቱ ጥቅልሏን እንደያዘች ደጃፏ ላይ አገኛትና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እስቲ እንዴት እንደምትተኚ ንገሪኝ።»

«እንደ ሰው ነዋ። በሩን ደገፍ ብዬ፣ ቁጭ ብዬ።»

«ጋደም አትዪም?»

«ጋደም ካልኩማ ሲመጡብኝ በምን ፍጥነት እነሣለሁ?» አለች። ይህ የማይገባው ሰው መኖሩ ገርሟት ነበር።

ሐኪሙ አፈረ። «ልጄ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይህ ጠባይሽ አይደለም፤ ሰዎች ያደረሱብሽ ጉዳት ነው» አላት።

ደብሪቱ ጥቅልሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጠባይ ካልሆነማ... ይታከማላ?» ብላ ጠየቀች።

«ጊዜ ይወስዳል። ግን ይታከማል።»

ያኔ አለቀሰች። ታንጉትም አብራት አለቀሰች። ሠላሳ ሰባተኛው አልጋ የደብሪቱ ሆነ።

ንጉሡ ታሪኩን ሲሰማ ተቆጥቶ ወረቀቱ ይቃጠል አለ። ሐኪሙ ግን፣ «አይቃጠል፣ ጃንሆይ። ሠላሳ ስድስት ሰው ያገኘሁበት ነው። ጥፋቱ ነጥቡን ቆጥሬ ሴትየዋን ሳላያት የሸኘሁት የእኔ ነው» አለ። ከዚያም ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን ሁሉ በየቤታቸው እየሄደ አነጋገራቸው። የቀሩት አልጋዎች ሳምንት ሳይሞላ አለቁ፤ ንጉሡም ሁለተኛ ቤት ማሠራት ግድ ሆነበት።

ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ በአብዛኛው እውነቱን ይናገራል፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። በአንድ ቀን የተሰበረ ቀኑን ያውቀዋል። በስብራት ውስጥ ያደገ ሰው ግን ሕመሙ ኑሮ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በየትኛውም ወረቀት ላይ ላያሳየን ይችላል። መጠይቅ መልካም መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ማዳመጥን የመሰለ ሥራ ለወረቀት አይሰጥም።

እኛስ አጠገባችን ካሉት ሰዎች ስንቱን «ጠባዩ ነው» ብለን ትተነዋል? ስንቱስ ይህንኑ አምኖ ልብሱን እየጠቀለለ ይሆን?