ብርሃን ያጠባት ነጠላ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረቴን ላውጋችሁ። ድንጋይ አፍ፣ ጨርቅም ልብ በነበረው ዘመን፣ ይታክቱ የምትባል አዋላጅ ነበረች። አንዲት የጥጥ ነጠላም ነበረቻት። በአገሩ የተወለደ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ የሚታቀፈው በዚያች ነጠላ ነበር፤ ነጠላም በዚህ ትኮራ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረና ወንዙ ሊደርቅ ደረሰ። ነጠላ ከአንድ ወሊድ ቤት የደም እድፍ ይዛ ተመለሰች። እድፉም እየሳቀ፣ እንግዲህ አብረን እናረጃለን አላት። በዚያው ሰሞን የይታክቱ ጎረቤት የውዲቱ የመውለጃ ቀን ደርሶ ነበር።

ይታክቱ ነጠላዋን አገላብጣ አየችና፣ "በዚህ እድፍ ሕፃን አላቅፍም፤ ቀድጄ መወልወያ ላደርግሽ ነው" ብላ ተከዘች። ነጠላ ይህን ስትሰማ የሚያጠባት ፍለጋ ወጣች።

ወደ ወንዙ ሄደች፤ ወንዙም ለሚጠጡትም አልበቃሁ አላት። ወደ እንዶድ ሄደች፤ እንዶድም ያለ ውኃ አረፋ የለኝም አላት። ወደ ፀሐይ አንጋጠጠች፤ ፀሐይም አዝና፣ ማድረቅ እንጂ እድፍ መንቀል አልችልም አለቻት።

አጥር ላይ ተሰጥታ ስታለቅስ፣ ከነጭ ድንጋይ ላይ የተነሣ፣ ለዓይን እንኳ የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ጠራት።

"እኔ ብርሃን ሲነካኝ እድፍ እበላለሁ። ግን ነፋስ ይበትነኛል፤ የሚይዘኝ አጣሁ" አላት።

"እኔ እይዝሃለሁ" አለችው።

ብናኙ ክሮቿ መሃል ገባ። ነፋስ መጥቶ አራገፋት፤ ጨብጣ ያዘችው። ደግሞ አራገፋት፤ አልለቀቀችውም። ለሦስተኛ ጊዜ አራገፋትና ደክሞት ሄደ።

ያኔ ፀሐይ ብርሃኗን አፈሰሰችባት። ብናኙ ነቃና እድፉን ከዳር ከዳር ይበላው ጀመር። እድፉ መጀመሪያ አፌዘ፤ ቀጥሎ ለመነ፤ በመጨረሻ ድምፁ ጠፋ። ነጠላም ከሸማኔው እጅ እንደወጣችበት ቀን ነጣች።

ይታክቱ መጥታ ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማን እንዳጠባትም ጠየቀቻት።

"ብርሃን አጠበኝ፤ ብናኙ ባይኖር ግን ብርሃኑም ባላጠበኝ ነበር" አለቻት ነጠላ።

በማግስቱ ውዲቱ ሴት ልጅ ወለደች። ይታክቱም ሕፃኗን በዚያች ነጠላ አቅፋ ለእናቷ ሰጠች። ነጠላ የሕፃኗ ትንፋሽ ሲሞቃት፣ ብናኙን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።

ተረቴ ይኸው ነው። እናንተም ዓይን የማይሞላ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ምን ይረባል ከማለታችሁ በፊት ቦታ ስጡትና ብርሃን ይንካው።