ከመቃብር የተቀዳ ውሃ

አንዲት ሴት ነበረች። የበደላት ሰው ሙሴ ፊርመን ይባላል፤ የፈረንሳይ አገር ገበሬ ነው። በደሉም ይህ ነው፦ በጠራራ ፀሐይ ከመቃብር ውሃ ቀድቶ ጠጪ አላት።

የሻረግ፣ አማትሽ የላከችልሽን ማር ልብላው ወይስ ልድፋው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስታኮርፈኝ ከርማ ዛሬ ምን አስታውሷት ነው ማር የምትልክልኝ አልሽ። ደህና ጠየቅሽ። እኔ ግን ስለ ማር አልነግርሽም፤ ስለዚያ ውሃ ነው የምነግርሽ። ቁጭ በይና ስሚ።

ይህች ሴት ጠርጣራ ነበረች፤ አላፈረችበትምም። «ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር» የሚለውን እናቷ ከጡት ጋር ነው ያጠባቻት። ባሏ የሞተ ጊዜ፣ አልቅሰው ሳይጨርሱ ወሰኗን ሊገፉ የመጡትን ዘመዶች ያባረረችው በዚሁ በጥርጣሬዋ ነው። ያለዚያ ዛሬ ጎጆ መቀለሻ አይኖራትም ነበር። አንድ ልጅ አላት። እሱም ፈረንሳይ አገር ለትምህርት ሄዶ በዚያው ቀረና የሙሴ ፊርመንን ልጅ ላግባ አለ። ያም ሆኖ ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቴ ሳትመርቀኝ ቀለበት አላስርም ብሎ እሷን ወዳለበት አስመጣት። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ከእሷ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ብትመርቅ ሠርግ ነው፤ ባትመርቅ ልጅቷ ቀረች።

ሙሴ ፊርመን ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። ሴትዮዋ ደርሳ ድካሟ ሲወጣላት፣ አብረን በእግር እንሂድ ብሎ ላከባት። በዚያ አገር ሰዎች ቆፍረው ወንዝን ከወንዝ ያገናኙበት፣ ጀልባ የሚያልፍበት ሰፊ ቦይ አለ። ዳሩን ዳሩን ደግሞ ጥንት ጀልባ ጎታች ፈረሶች የረገጡት መንገድ አለ፤ ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። ያገሩ ሰው ገበያ ሳይኖረው፣ ለቅሶ ሳይኖረው፣ እንዲያው እዚያ መንገድ ላይ ይሄዳል። መንደር ሲያገኝ ያድራል፤ ሲነጋ ደግሞ ይሄዳል። የፊርመን ቤተሰብም አዲስ ሰው የሚለምደው እንዲህ አብሮ በመሄድ ነው አሉ። ልጇና ልጅቷ ጓዙን በብስክሌት ጭነው ወደ ማደሪያው መንደር ቀደሙ። ሁለቱ አዛውንት ብቻቸውን ቀሩ፤ እሱ የእሷን ቋንቋ አያውቅ፣ እሷ የእሱን አታውቅ።

ገና ሲነሱ ሴትዮዋን ነገሩ አልጣማትም። መኪና ያለው ሰው ምን ቆርጦት በእግሩ ይሄዳል? ከልጄስ የነጠለኝ ለምን ይሆን? ጉልበቴን ሊመዝን ነው አለች፤ ደክማለች፣ ነገ ጧሪ ፈልጋ ትመጣብናለች ሊል ነው። ስለዚህ ጉልበቷ እየወጋት ከእሱ እኩል ተራመደች። ሲቀድማት፣ ሊያደናግረኝ ነው አለች። ወደ ኋላ ቀረት ሲል ደግሞ፣ አረማመዴን አይቶ ሊስቅብኝ ነው አለች። ከአጥር ላይ የበሰለ እንጆሪ ለቅሞ በመሀረቡ ቢሰጣት፣ በሰው አጥር ሌባ ሊያሰኘኝ ነው ብላ ሳትቀምሰው ለዳክዬ በተነችው።

ቦዩም ራሱ አላማራትም። ግራና ቀኝ እንደ ወታደር የተሰለፉ ዛፎች፣ መሃል ላይ ድምፅ የሌለው አረንጓዴ ውሃ። ሳይጣመም የሚሄድ ውሃ ምን ዓይነት ውሃ ነው? ያገሯ ወንዝ ሰው ሊወስድ ሲመጣ እንኳ ጮሆ ነው የሚመጣው። አንድ ቦታ ላይ ጀልባ በሁለት ትልልቅ በሮች መካከል ስትገባ አየች። የኋላው በር ተዘጋ። ውሃው ከሥር እየጎደለ ጀልባይቱ ከነሰዎቿ በድንጋይ ግንብ መካከል ዝቅ፣ ዝቅ አለች። ከዚያ የፊቱ በር ተከፈተና ወደ ታችኛው ቦይ ወጥታ ሄደች። ሙሴ ፊርመን ደስ ብሎት በእጁ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ግን ማንም ሳያስረዳት ገብቷታል። ልጄንም እንዲህ ነው የሚያደርጉት አለች በልቧ፤ አስገብተው ይዘጉበታል፣ ቀስ እያሉ ዝቅ ያደርጉታል፣ እሱም ሽርሽር የወጣ ይመስለዋል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ውሃዋ አለቀ። እሱ የራሱን አካፈላት። ሲጠጣበት አይታ ስለ ነበር ያንን ጠጣች። ከዚያ የእሱም አለቀ። በአንድ መንደር ዳር በግንብ የታጠረ ስፍራ ሲደርሱ የሽማግሌው ፊት በራ። ኮዳዋን ተቀብሎ በብረት መዝጊያው ገባ። አንገቷን አስግጋ ብታይ መቃብር ነው። እሱ ከመስቀሎቹ መሃል ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ፤ ምን እንደሚሠራ ጀርባው ከለላት። ሲመለስ ኮዳው ሞልቷል። በሁለት እጁ ሰጣት።

በእሷ አገር አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ይሄ ሰው ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳለ እንኳ አልቀመሰም። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያሻል? ወይ መድኃኒት አለበት፣ ወይም ቦታሽ ይኸው ማለቱ ነው። አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነች፤ ከከንፈሯ አስጠግታም የጠጣች መሰለች። እሱ ጥቂት ሲቀድማት ኮዳውን ዘቅዝቃ ጠብታ ሳታስቀር ቦዩ ውስጥ ደፋችው። ምርቃቱንም አብራ ደፋችው። ዛሬውኑ ልጄን ይዤ አገሬ እገባለሁ አለች።

ሙሴ ፊርመን ከዚያ ወዲያ እየዞረ ኮዳውን አየት ያደርግ ነበር። እሷም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። እጁን ግን አልዘረጋም። ማደሪያው መንደር አጠገብ ካለው፣ እንደዚያኛው ጀልባ ከሚያወርድ የውሃ በር ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዘንጉ ከእጁ ወደቀ። የበሩ ጠባቂ ሴት ከቤቷ ውሃ ይዛ ሮጣ ወጣች፤ አናቱ ላይ አፈሰሰችለት፣ አጠጣችው፣ እየተቆጣች ደግሞ። ልጆቹም ተጠርተው ደረሱ።

ሴትዮዋ ልጇን ፈንጠር አድርጋ ክሷን አቀረበች። ልጇ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም።

«እማዬ፣ እዚህ አገር መንገደኛ ሁሉ ከመቃብር ነው የሚቀዳው» አላት። «አበባ የሚያጠጡበት ቧንቧ አለ። እኔስ ስንት ጊዜ ጠጥቼ የለ።»

«ታዲያ ለምን አልቀመሰውም? ሂድ ጠይቅልኝ።»

ሄዶ ጠየቀ። ሽማግሌውም ጋደም እንዳለ መለሰ። በጋው ከፍቶ ቧንቧው ጠብ ጠብ ብቻ ነው የሚለው፤ ያንኑ አንድ ኮዳ ለመሙላት ብዙ ቆሟል።

«እንግዳ ሳይጠጣ ባለቤት አፉን አያደርግም» አለ። «እናትህ ጠጥተው እስኪሰጡኝ ጠበቅኩ። ሳይሰጡኝ ሲቀሩ፣ ጥማቸው አልወጣላቸውም አልኩ።»

ልጁ ይህን ሲነግራት ሴትዮዋ ባዶውን ኮዳ ታቅፋ ቆመች። ውሃውን መድፋቷን ማንም አላየም፤ ጠጥታው ጨርሳለች ነው የሚሉት። ዝም ብትል ዝም ይባል ነበር። ደክሞኛል አለችና ገብታ ተኛች፤ አልመረቀችም፣ አልረገመችምም።

አየሽ የሻረግ፣ መጠርጠርሽን አልነቅፍም። ጥርጣሬ የደጅ ውሻ ነው፤ ይጩህ፣ ለዚሁ ነው የሚበላው። ዳኝነት ግን ለውሻ አይሰጥም። ስንጥር ፈርቶ ገንፎውን ከነገበታው የሚደፋ ሰው ጾሙን ማን አሳደረው? ሴትዮዋ የሰውየውን የደረቀ ከንፈር አላየችም እንዳትዪኝ፤ አይታዋለች፤ አይታ ነው ምስክር ያደረገችበት። አንቺም አማትሽ ስታኮርፍሽ ከርማ ማር ላከች ብለሽ ቆጥረሽባታል። ምናልባት ከቤቷ ያለው ማር ያ ብቻ ቢሆንስ? ይዘሽው ሂጂ፤ ለምን እንደላከችው ዓይን ዓይኗን እያየሽ ጠይቂያት፤ አብራችሁም ቅመሱት። ክፉ ከሆነ ያኔ ትደፊዋለሽ። የተደፋውን ግን ማንም አይሰበስብልሽም።

ሴትዮዋስ ምን ሆነች አልሽኝ? በማግስቱ ማንም ሳይነሣ ወጣች። የማደሪያውን መንደር መቃብር ጠይቃ ሳይሆን ፈልጋ አገኘችና የብረት መዝጊያውን ከፍታ ገባች። ኮዳውን ከቧንቧው ሥር ይዛ፣ ጠብ ጠብ የሚለው እስኪሞላላት ቆመች። ሙሴ ፊርመን ቁርስ ከቀረበበት ገበታ ስትደርስ ልጇን ጠርታ፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ንገረው አለችው፦ የትናንቱን ውሃ ቦዩ ውስጥ ደፍቼዋለሁ። ልጁ እያፈረ ተናገረ። እሷም ከኮዳው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና በሁለት እጇ ለሽማግሌው ሰጠችው። ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው፤ ከዚያ ነው ለምርቃት አፏን የከፈተችው።