የእንብርክክ ዳገት በቅሎ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም። ፊደልም እሳሳታለሁ። ይቅር በሉኝ። በአፌ እንዳልነግራችሁ ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ስታነቡት ግን እንደ ሽማግሌ ረጋ ብላችሁ፣ ልጆች እንደከበቧችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

ተረት ተረት! በሉ "የበቅሎ ኮቴ!" በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ መኪና የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ እንብርክክ የሚባል ዳገት ነበር። ሰው በጉልበቱ እየዳኸ ስለሚወጣው ነው እንዲህ የተባለው። ከዳገቱ በታች ወንዝ፣ ከዳገቱ በላይ የንጉሡ ከተማ። ሙሽራም፣ ሕመምተኛም፣ ነጋዴም ዳገቱን የሚወጣው በበቅሎ ነው። በቅሎዎቹ ደግሞ የአንድ ሰው ነበሩ። አያ ድንበሩ ይባላል። ሰው ያወጣል፣ እህል ይቀበላል። ሰው ያወርዳል፣ እህል ይቀበላል።

ከበቅሎዎቹ ሁሉ ሸጋ የምትባለው ትበልጥ ነበር። ሰጋር ናት። ስትሄድ ጀርባዋ ላይ ወተት ቢያስቀምጡ አይፈስም። አያ ድንበሩ ግን ኮርቻዋን አያወርድላትም። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣባታል። "ኮርቻ ከወረደ እንጀራዬ ወረደ" ይል ነበር።

ጎረቤቱ ዘርፌ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። የከብት ቁስል አጥባ ታድናለች። አንድ ቀን ሸጋን አይታ ቆመች።

"አያ ድንበሩ፣ ይቺ በቅሎ አረማመዷ ልክ አይደለም። እስቲ ኮርቻዋን አውርደህ ጀርባዋን እይላት።"

"ባልሽን ያላዳንሽ ሴት በቅሎዬን ልታክሚ ነው?"

"እንግዲያው እኔ ላውርደው።"

"ንኪና ወየውልሽ!"

በዚያ አገር ኮርቻ የሚያወርደው ባለቤቱ ብቻ ነው። የሰው በቅሎ ኮርቻ ማንሳት የሰው ገመና መግለጥ ነው፤ ንጉሥም ቢሆን አይነካም። ዘርፌ እጇን ሰበሰበች።

ከዚያ ሸጋ አንድ ነጋዴ ጣለች። አያ ድንበሩ "ጠግባ ነው" አለና በዱላ መታት።

ሰነበተችና ሙሽራ ጭቃ ውስጥ ጣለች። አያ ድንበሩ "ቡዳ በልቷት ነው" አለና ክታብ አሰረላት።

ሰነበተችና የንጉሡን ዳኛ ሳማ ውስጥ ጣለች። ይሄኔ ዱላም ክታብም አልበቃም። ዳኛው መቀመጫውን እያከከ ንጉሡ ዘንድ ቀረበ።

"ጃንሆይ፣ ይህች በቅሎ ጋኔን አለባት!"

"እንግዲያው ነገ በገደል ትወርወር" አሉ ንጉሡ።

በነጋታው ሕዝቡ ከዳገቱ ሥር ተሰበሰበ። ንጉሡም ሊያዩ ወረዱ። ሸጋ ኮርቻዋን እንደተሸከመች ጆሮዋን ጥላ ቆማለች። ወደ ገደሉ ጫፍ ሊወስዷት ልጓሟን ሲይዙ ዘርፌ መሬት ስማ ተነሣች።

"ጃንሆይ፣ እሷን የሚያዘልላት ነገር ከኮርቻዋ ጋር ነው። ብርቱ ሰው ኮርቻውን በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ይውጣ፣ እውነቱ ይታወቃል። ኮርቻውን ሳይጥል ጫፍ ከደረሰ እኔንም ከእሷ ጋር ወርውሩኝ።"

"ብርቱው ሰው ማን ነው?"

"ቸገረኝ እኮ፣ ጃንሆይ። አያ ድንበሩ እንኳ የሚችል አይመስለኝም።"

"እኔ?" ብሎ ዘለለ አያ ድንበሩ። "ዳውላ ጤፍ እንደ ትራስ የማነሳው እኔ?"

በገዛ እጁ ኮርቻውን ፈትቶ አወረደ። ከሥሩ የነበረው ድሪቶ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ስለነበር ድሪቶውን ልብ ያለ የለም።

"ጎንበስ በል፣ ወንድሜ። እንዳይወድቅብህ ጠበቅ ላድርገው" አለች ዘርፌ። ስታጠብቅለት አንዲት ጥሬ ሽንብራ ከኮርቻው ሥር ሸጎጠች።

ጉዞ ተጀመረ። ንጉሡ፣ ዳኛውና ሕዝቡ ከኋላ ተከተሉ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አያ ድንበሩ ትከሻውን ነቀነቀ። "ኧረ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል!"

"ጠግበህ ነው" አለች ዘርፌ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወገቡን ጠምዝዞ አቃሰተ። "ኧረ በላኝ!"

"ቡዳ ይሆናል። ክታብ ይታሰርልህ?"

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ "ወይኔ እናቴ!" ብሎ ዘለለ። ተራገጠ፣ ተወራጨ፣ ማሰሪያውን በጥሶ ኮርቻውን ሳማ ውስጥ ወረወረው።

"ጋኔን ያዘው!" ብሎ ሕዝቡ ጮኸ።

ዘርፌ ወደ ንጉሡ ዞረች። "ጃንሆይ፣ እሱንስ ከየትኛው ገደል እንወርውረው?"

ንጉሡ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዘርፌ ግን አልሳቀችም። ከአያ ድንበሩ ጀርባ፣ ልብሱ ላይ ተጣብቃ የቀረችውን ሽንብራ ለቅማ በመዳፏ አሳየቻቸው።

"እሱን ያዘለለው ይህች ናት። እሷን ያዘለላትን ደግሞ ይምጡና ይዩ።"

ወደ ሸጋ ተመለሱ። ዘርፌ ለብ ያለ ውኃ አስመጣች። ድሪቶውን አራሰችው፣ አራሰችው፣ አራሰችው። ሲለቅ ቀስ አድርጋ አነሳችው። ሳቁ ሁሉ ቆመ። ቁስሉ መዳፍ ያህል ነበር።

ዳኛው ቀረብ ብሎ አየ። "ይህን ተሸክማ ነው እኔን የሚያህል ሰውዬ ዳገቱን እኩሌታ ያወጣችው?" አለና ለሸጋ እጅ ነሣ። ለበቅሎ አንገቱን የደፋ ዳኛ ያን ቀን ታየ።

አያ ድንበሩም "እኔ ሽንብራ አልቻልኩም" አለ በቀስታ።

ንጉሡ ፈረዱ። "ሸጋ ለዘርፌ ትሰጥ። ከዛሬ ጀምሮ ኮርቻው ወርዶ ጀርባው ሳይታይ እንብርክክን የሚወጣ በቅሎ የለም። ኮርቻ ማውረድም ነውር አይባልም። አውራጁና ቁስል አጣቢው ድንበሩ ይሁን። አዛዡ ዘርፌ ትሁን።"

ዘርፌ የሸጋን ቁስል በጨው ውኃ አጠበች፣ ማር ቀባች፣ ዝንብ ከለከለች። ጠጉሩ እስኪበቅል ማንንም አላስቀመጠችባትም። ሸጋ ስትድን መጀመሪያ ያወጣችው ምጥ የጠናባት ሴት ነበር። ዳገቱን ስትወጣ ወተት እንኳ አይፈስም ነበር፤ ሴትዮዋ ከአዋላጅ ደጅ በሰላም ደረሰች። ከታች ደግሞ የዘርፌ ድምፅ ይሰማል፦ "ቀስ በል፣ አያ ድንበሩ! እንደ ገዛ ጀርባህ እጠበው!"

ለዚህ ነው አባቶች "በቅሎ በእግሯ ትናገራለች፣ ሰው ሲወድቅ ይሰማል" የሚሉት።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ኮርቻዬን አወረድኩ።

ከማን ሰማሽው ብትሉኝ፣ ከማንም አልሰማሁትም። ባለፈው ክረምት የእንስሳት ሐኪሟ የአባቴን የጋሪ ፈረስ ልታክም መጣች። እግሩን ስትነካው ይወራጫል። ሰው ሁሉ ሸሸ። እሷ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ፣ ራሱን ያዢልኝና አውሪለት" አለችኝ። ምን እንደማወራ ስላላወቅኩ ይህን ተረት እየፈጠርኩ በጆሮው ነገርኩት። ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ መወራጨቱን ተወ። እሷም የእግሩን ቁስል ሰፋችለት። ተረቱ ሲያልቅብኝ፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኩት፤ እኔም እንደ እሷ የእንስሳት ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ይህን የሰማው ፈረሱ ብቻ ነበር።