የሶማጋላ በር ለማን ይከፈታል

በላንካ ደሴት፣ ሶማጋላ በሚባል ኮረብታ አናት ላይ አንድ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት የበዓል ቀን ሹምም ይምጣ ባለጸጋ፣ ቀድሞ የሚገባው ከሁሉ ርቆ የመጣው መንገደኛ ነው። ይህን ሥርዓት ያስጀመረችው ኩሱማ የምትባል መረብ ሠሪ እንደሆነች የአገሩ ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ ዓሣ አጥማጅ ባሏን ባሕር ወስዶት አስከሬኑ እንኳ ሳይገኝ ቀረ። እርሷም የምትቀብረው ብታጣ፣ በሞተ በመቶኛው ቀን ሶማጋላ ላይ መብራት አበራለታለሁ ብላ ተሳለች፤ አንድ ቅል የኮኮናት ዘይት አዝላም አሥራ ሰባት ቀን በእግሯ ተጓዘች። ውስጥ እግሯ ቆስሎ፣ የኮረብታውን ደረጃ እኩሌታ በእጇ እየዳኸች ከበሩ የደረሰችው ልክ በመቶኛው ቀን ማለዳ ነበር።

በሩ ግን ተዘግቶ ጠበቃት። ቀኑ የሙሉ ጨረቃ በዓል ስለነበር የአገሩ ገዢ ከነቤተሰቡ ለሦስት ቀን ሊሰነብትበት ኖሯል።

«ጌታችን ሳይጨርሱ ማንም አይገባም» አላት የበሩ ዘበኛ። «ደግሞ ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሺ።»

«የባሌ ቀን ዛሬ ነው» አለችና ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ ገዢው ዝሆኑን ከደረጃው ሥር አቁሞ፣ ከበሮ እያስመታ ወጣ። በዚያ አገር የተቀመጠን ሰው ተራምዶ ማለፍ ትልቅ ነውር ነበርና ከፊቷ ሲደርስ ቆመ።

«ተነሺ!»

ኩሱማ ቅሉን አጥብቃ አቀፈች። «አልነሣም ጌታዬ። እርስዎ ነገም መምጣት ይችላሉ፤ እኔ ለባሌ ያለኝ ቀን ይኸው ብቻ ነው። ከቸኮሉ ተራምደውኝ ይግቡ።»

ገዢው «ጎትታችሁ አንሷት!» ብሎ ሲያዝ በሩ ከውስጥ ተከፈተና የመነኮሳቱ አለቃ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አዛውንት፣ ወጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። መነኮሳቱም ተከትለው ተቀመጡ፤ ለበዓሉ መጥቶ ደረጃው ላይ የቆመውም ሕዝብ እንዲሁ አደረገ። ወታደሮቹ መነኩሴ መንካት ፈርተው ጌታቸውን አዩ። ገዢው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆሞ ጠበቀ፤ የተነሣ ሰው ግን ባለመኖሩ ፊቱን አዙሮ ወረደ።

«ግቢ ልጄ» አሏት አዛውንቱ። «ከሁሉ ርቀሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ።»

ገብታ ዘይቱን መብራቱ ውስጥ ቀዳች፤ መብራቱን አብርታ የባሏን ስም ጮክ ብላ ጠራችና «ደረስኩልህ» አለችው። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው ይባላል።

ዛሬም በበዓሉ ማለዳ በር ከፋቹ መነኩሴ «ከሁሉ ርቆ የመጣ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መንገደኛውም የአገሩን ስም ተናግሮ ይገባል። ሹማምንቱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ቅር ያለው ካለ፣ ደረጃው ወደ ታችም ይወስዳል ይሉታል።