ለጤፍ የማይሆን ሜዳ

ተረት ልንገራችሁ። እናንተ «ቀጥል» በሉ፣ እኔ እቀጥላለሁ። ረጅም ወሬ አልወድም፤ ይህ ተረት ግን በየመንገዱ ዘመድ እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ ምን ላድርገው።

ዲስክ ጎልፍ የሚሉት ጨዋታ አለ። የላስቲክ ሳህን ይወረወራል፤ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ መግባት አለበት። በጥቂት ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። ልጄ ትጓደድ ጨዋታውን ከትምህርት ቤት ይዛው መጣች፤ ቅርጫቶቹንም አስተማሪዋ ሰጣት።

«አባዬ፣ መትከያ ቦታ ስጠኝ» አለችኝ።

ሰጠኋት። እኔው ራሴ ተከልኩላት። አራሽ ነኝና ጤፍ የሚያበቅል መሬት ለቅርጫት አላባክንም። ምንም የማይበቅልበትን ፈለግሁ። አንዱን ከግራሩ ሥር፣ አንዱን ከጭንጫው ላይ፣ አንዱን ከምንጩ አፍ፣ አንዱን ከበሬው ማሰሪያ፣ የመጨረሻውን ከንብ ቀፎው ደጅ ተከልኩ። ቆሜ አየሁና «ሥራ ማለት ይህ ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ሌላ ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን አሰልጣኝ ከከተማ ሊያያት ሊመጣ ሆነ። ውርወራዋን ከወደደው ለውድድር ይወስዳታል፤ ካልወደደው እዚሁ ትቀራለች። ያላት ሳህን አንድ ብቻ ነው። እሱኑ ስትለማመድ ወረወረችው፤ ግራሩ አናት ላይ ወጥቶ ቀረ።

«አባዬ፣ ሳህኔን!» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ አባቷን ወጥታለች።

ወደ ግራሩ ሄድኩ። «ግራር ሆይ፣ የልጄን ሳህን ስጥ።»

«አልሰጥም። ብብቴ ሥር ቅርጫት የተከለው ማን ነው?» አለኝ።

እኔ ነኝ።

ወደ መጥረቢያው ሄድኩ። «መጥረቢያ ሆይ፣ ግራሩን ቁረጥ፤ ግራሩ ሳህኑን አልሰጥም አለ።»

«አልቆርጥም። ጭንጫው ላይ ቅርጫት ስትተክል በማን ነበር የቀጠቀጥህ? ጥርስ የለኝም» አለኝ።

እውነቱን ነው።

ወደ መሳያው ድንጋይ ሄድኩ። «ድንጋይ ሆይ፣ መጥረቢያውን ሳል፤ መጥረቢያው ግራሩን አልቆርጥም አለ፣ ግራሩ ሳህኑን አልሰጥም አለ።»

«አልስልም። ደርቄያለሁ፤ ውሃ ሳይነካኝ በምኔ ልሳል?» አለኝ።

ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ከአጥሯ ወዲያ ሆና ትሰማለች። «አያ ታከለ፣ ደግሞ ከድንጋይ ጋር ማውራት ጀመርክ? እኛ እኮ አንድ ‹እግዜር ይመስገን› ካንተ አፍ ለማውጣት ስንት ዓመት ደከምን!»

ወደ ምንጩ ሄድኩ። «ምንጭ ሆይ፣ ድንጋዩን አርስ፤ ድንጋዩ መጥረቢያውን አልስልም አለ፣ መጥረቢያው ግራሩን አልቆርጥም አለ፣ ግራሩ ሳህኑን አልሰጥም አለ።»

«አላርስም። አፌ ላይ ቅርጫት ገትረህ፣ ሳህን የጠፋበት ሁሉ ገብቶ ይረግጠኛል። ደፍርሻለሁ፤ ተወኝ» አለኝ።

ወደ በሬዬ ወደ ዳልቻ ሄድኩ። «ዳልቻ፣ ምንጩን ጠጣው፤ ምንጩ ድንጋዩን አላርስም አለ፣ ድንጋዩ መጥረቢያውን አልስልም አለ፣ መጥረቢያው ግራሩን አልቆርጥም አለ፣ ግራሩ ሳህኑን አልሰጥም አለ።»

«አልጠጣም። ያ ሳህን ቀንዴን እየመታ እንቅልፍ ነሳኝ። ቅርጫት ከበሬ ማሰሪያ የሚተክል ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

አውቃለሁ። ፊቴን ልታጠብ ባጎነበስኩ ቁጥር ውሃው ውስጥ አየዋለሁ።

ወደ ንቦቹ ሄድኩ፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። «ንቦች ሆይ፣ በሬውን ንደፉልኝ፤ በሬው ምንጩን አልጠጣም አለ፣ ምንጩ ድንጋዩን አላርስም አለ፣ ድንጋዩ መጥረቢያውን አልስልም አለ፣ መጥረቢያው ግራሩን አልቆርጥም አለ፣ ግራሩ ሳህኑን አልሰጥም አለ።»

«መንደፉን እንነድፋለን። የምንጀምረው ግን ደጃችን ላይ ቅርጫት ከተከለው ሰውዬ ነው» አሉኝ።

«ኧረ ቆዩ! ምን ይደረግላችሁ?»

«ቅርጫቱን አንሳው!»

«አንስቼ የት ላድርገው?»

«ከጤፍ መሬትህ መሀል!»

ከጤፍ መሬቴ! ጤፉ ከታጨደ ቆይቷል፤ መሬቱ ባዶ ነው። ቢሆንም ሳሳሁለት። ቆምኩ።

«አያ ታከለ፣ ያን መሬት ልትድረው ነው እንዴ እንዲህ የምትሳሳለት?» አለች ማንጠግቦሽ። «የምትድራትስ ልጅ አለችህ፤ እሷም መሄድ የምትፈልገው ለውድድር ነው!»

ዞር ብዬ አየሁ። ትጓደድ ከግራሩ ሥር እጇን ዘርግታ ትዘላለች፤ አትደርስም። ከመንገዱ ማዶ የአሰልጣኙ ሞተር ብስክሌት አቧራ ያስነሳል። ቅርጫቱን ነቅዬ ተሸከምኩ። ከመሬቴ ሁሉ ከለማው መሀል ተከልኩት። ሲተከል የጮኸው ቅርጫቱ ይሁን እኔ፣ አላውቅም።

ይህን ጊዜ ንቦቹ በሬውን ሊነድፉ ተነሡ፤ በሬው ምንጩን ሊጠጣ ሮጠ፤ ምንጩ ድንጋዩን ሊያርስ ፈሰሰ፤ ድንጋዩ መጥረቢያውን ሊስል ተንከባለለ፤ መጥረቢያው ግራሩን ሊቆርጥ ዘለለ፤ ግራሩም «ኧረ ቀስ! ለአንድ ሳህን!» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ሳህኑ ትጓደድ እጅ ላይ ዱብ አለ።

አሰልጣኙ ደረሰ። ትጓደድ ከቅርጫት ቅርጫት እየሄደች ወረወረች። ሳህኑ በግራሩ ጎን ታጠፈ፣ ጭንጫውን ተሻገረ፣ ምንጩን ዘለለ፣ ከዳልቻ ቀንድ በላይ አለፈ፤ ቅርጫት ባገኘ ቁጥር ሰንሰለቱን እያንሿሿ ገባ።

«አባት፣ ይህን ሜዳ የሠራው ማን ነው?» አለ አሰልጣኙ።

ማንጠግቦሽ በጣቷ ጠቆመችኝ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

«እንዲህ ያለ ክፉ ሜዳ አይቼ አላውቅም» አለ። «እዚህ ወርውራ ያስገባች ግን የትም አትቸገርም። እወስዳታለሁ።»

ትጓደድ ሳቀች፤ እስከ መንጋጋዋ ድረስ። ክፉ ሜዳም ጥቅም አለው ማለት ነው። ክፉ ሜዳ የሠራ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቀው ከሁሉ በኋላ ነው።

አሰልጣኙ ከጤፍ መሬቴ መሀል ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄኛው ብቻ አልረባም፤ በጣም ቀላል ነው። በፊት የት ነበር?»

«ከንብ ቀፎው ደጅ።»

«ወደዚያው ይመልሱት።»

«እሺ፣ ልጄ» አልኩት። «ለንቦቹ ግን አንተ ንገራቸው።»

ተረቴ ይኸው፤ የወደደ ይያዘው፣ ያልወደደ ለጎረቤት ያቀብለው።