ኪስ ያልገባው እጅ

አንድ ጥቁር ኮት ነበር። አንድ ኮት ብቻውን ከተማ ሙሉ ሰው ሲያለብስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይሄኛው አልብሷል።

ኮቱ የተሰቀለው በአንዲት የጨርቅ ፋብሪካ ከተማ፣ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ቤት ውስጥ ነበር። በከተማዋ ሌላ ፎቶ ቤት የለም። ባለቤቱ ጋሽ ወንድይራድ ይባላሉ። ፈታዩም፣ ሸማኔውም፣ ቀለም ነካሪውም የደሞዝ ሰሞን ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ፣ ጋሽ ወንድይራድ መጀመሪያ ያንን ኮት ያለብሱታል፤ ከረባት ያስሩለታል፤ ግራ እጁ ላይ ሰዓት ያደርጉለታል። ሰዓቱ አይሠራም፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከቆመ ቆይቷል። በመጨረሻ "በል አሁን እጆችህን ኪስህ ክተት፤ ሰዓቱ ብቻ ብቅ ይበል" ይሉታል። ቀለም የጠጣ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ማሽን የነከሰው እጅ የጌታ ፎቶ ያበላሻላ! "እዚህ ቤት ላብ አደር ሆኖ የገባ ጌታ ሆኖ ይወጣል" እያሉ ይኮሩ ነበር። ሰዉም ደስ ብሎት ይወጣል። ማን ጌታ መሆን ይጠላል?

ኮቱን የለበሱት አርጅተው፣ ብዙዎቹም ሞተው፣ ጋሽ ወንድይራድ ራሳቸው መነጽራቸውን በክር ማሰር ከጀመሩ በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ትርንጎ የምትባል ሴት ከፈረቃ ወጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ገባች።

"ጋሽዬ፣ የአባቴን ፎቶ ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"መቼ የተነሳው?"

"እኔ ልወለድ ሁለት ወር ሲቀረኝ።"

ጋሽ ወንድይራድ ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አንለይ እዚያው ፋብሪካ ቀለም ነካሪ ነበር። ፎቶ በተነሳ በአምስተኛው ቀን ወባ ጣለው፤ በዚያው ቀረ። እናቷ እርጉዝ እንደሆነች ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ትርንጎም እዚያ ተወልዳ እዚያ አደገች። የአባቷን ፊት አይታ አታውቅም። እናቷ አምና ልታርፍ ስትል ጠርታ እንዲህ አለቻት፦ "መልኩን ብነግርሽ ከሌላ ሰው አትለዪውም። እጁን ልንገርሽ። የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ግማሽ ናት፤ ማሽን በልቷታል። ፎቶ ተነስቻለሁ ብሎኝ ነበር፤ ሳያመጣው ቀረ። ፈልጊው ልጄ። አባት አልነበረኝም እያልሽ እንዳትኖሪ።" ትርንጎ ይህንን ቃል ይዛ ነው ወደ ከተማዋ የመጣችው። ሥራ ያገኘችውም እዚያው ቀለም ክፍል ነው።

"ፎቶማ ሞልቷል" አሉ ጋሽ ወንድይራድ፣ ሦስት ትልልቅ ካርቶኖች እያሳዩዋት። ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ናቸው፤ ከአራት መቶ ይበልጣሉ። "ስም ግን የላቸውም። መዝገቡን አይጥ በልቶታል። ደግሞ ከፈለግሽ ፍጠኚ፤ መንገድ ሊወጣ ነው ተብሎ ቤቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። እኔም ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ይሄ ሁሉ ወረቀት ይቃጠላል።"

"ሦስት ሳምንት ይበቃኛል" አለች ትርንጎ።

የመጀመሪያውን ካርቶን ስትከፍት ግን ክው አለች። አንድ ኮት፣ አንድ ከረባት፣ ሁሉም ሁለት ሰዓት ከሩብ። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አንድ እጅ አይታይም!

"ጋሽዬ፣ እጃቸውስ?"

"ኪሳቸው ውስጥ ነዋ።"

"ለምን?"

"ለክብራቸው ነዋ!" አሉ ጋሽ ወንድይራድ ቆጣ ብለው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ትርንጎ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በየቀኑ ከፈረቃ ስትወጣ ትመጣለች። እያንዳንዱን ፎቶ መስኮቱ ዘንድ ወስዳ፣ ከኪስ ትንሽ ያመለጠ ጣት እንኳ ባገኝ ብላ ታያለች። አሥር አሥሩን እየተዋሰች ፋብሪካው በር ላይ ፀሐይ ለሚሞቁ ጡረተኞች ታሳያለች። አንዱ ሽማግሌ ፎቶዎቹን ሁሉ አገላብጠው መለሱላትና "አንለይን አውቀው ነበር፤ ኮት ለብሶ ግን አይቼው አላውቅም" አሏት። እሷም ይህንን ነገር ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

አብራት የምትኖረው ሴት ደግሞ "ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። አንቺ ያላየሽው አባት እንዴት ይናፍቅሻል?" አለቻት።

"የአገሩን እንጃ" አለች ትርንጎ። "እኔን ግን ናፍቆኛል።"

ሦስተኛው ሳምንት ገባ። ጋሽ ወንድይራድን መጀመሪያ ላይ ታሰለቻቸው ነበር፤ በኋላ ግን አንጀታቸውን በላቻቸው። አንድ ጠዋት ከካርቶኑ ውስጥ አንድ መልከ መልካም ሰው መርጠው ሰጧት። "ይሄውልሽ፤ አፍንጫው ቁርጥ ያንቺን ነው። ፍሬም አድርጌ እሰጥሻለሁ። አባቴ ነው በይ፤ ማን ይጠይቅሻል?"

ትርንጎ ሰውየውን ረጅም ሰዓት አየችው። እውነቱን ለመናገር ፈተናት። መልኩ ያምራል፤ ኮቱም ልኩ ነው። በዚያ ላይ ደክሟታል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልጠገበችም። ከዚያ ግን ፎቶውን በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

"ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይሄ የሌላ ሰው አባት ነው። እሱንም ልጁ ሲፈልገው ይሆናል።"

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አፍራሾቹ በነጋታው ይመጣሉ። ትርንጎ የሦስተኛውን ካርቶን የመጨረሻ ፎቶ አይታ ጨረሰች። አባቷ የለም። ፎቶውን ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና ቀና አለች።

"ሌላ የቀረ የለም?"

"የለም። የተበላሹት ብቻ ናቸው።"

"የተበላሹት የት ናቸው?"

ጋሽ ወንድይራድ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ። በሩ ራሱን ችሎ አይቆምም ነበርና በአንድ የእንጨት ሳጥን ተደግፏል። ትርንጎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትገባም ስትወጣም በእግሯ ስትነካው የከረመችው ሳጥን ነው። "ዓይናቸውን የጨፈኑ፣ የተንቀሳቀሱ፣ ያስነጠሱ... ምን ያደርጉልሻል?" አሉ።

እሷ ግን ሳጥኑን ስባ ከፍታዋለች። ዓይኑን የጨፈነ ሙሽራ አለ። ሁለት ራስ ያወጣ ሸማኔ አለ። ከሁሉም ሥር አንድ ፎቶ ተገልብጦ ተኝቷል። አነሳችው።

ኮት አልለበሰም። በቱታው ነው። ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቶ፣ ፊት ለፊት፣ ልክ ወደ እሷ ያያል። ጥፍሮቹ እስከ ሥራቸው ጠቁረዋል። የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ግማሽ ናት።

ትርንጎ ጮኸች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። የራሷን ቀኝ እጅ ከፎቶው ጎን አስቀመጠች። የእሷም ጥፍር እስከ ሥሩ ቀለም ጠጥቷል። በሠላሳ ዓመቷ አባቷን አየችው።

ጋሽ ወንድይራድ ፎቶውን ተቀበሏት፤ መነጽራቸውን ወለወሉ፤ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "ይሄ ሰውዬ!" አሉ ቀስ ብለው። "አስታወስኩት። ኮቱን ስሰጠው 'የማን ነው?' አለኝ። 'የቤቱ ነው' አልኩት። 'እንግዲያው ኮቱን ለብቻው አንሳው፤ እኔን በቱታዬ አንሳኝ' አለኝ። እጅህን እንኳ ኪስህ ክተት ብዬ ለመንኩት። 'ሚስቴ ልትወልድ ነው። የሚወለደውን ልጅ የማሳድገው በዚህ እጅ ነው። ይሄን እንዲያይ ብዬ ነው የመጣሁት' አለኝ። እኔ ተናደድኩ። ይሄ ፎቶ መስኮቴ ላይ ለማሳያ አይሰቀልም፣ ስሜንም ያጠፋል ብዬ ከተበላሹት ጋር ጣልኩት።" ወደ ሦስቱ ካርቶኖች ዞሩ። "የተበላሹትስ ያኛዎቹ ኖረዋል።"

ትርንጎ እንባዋን ጠረገች። "በሉ አሁን እኔን ያንሱኝ" አለች።

ጋሽ ወንድይራድ የአርባ ዓመት ልማድ ይዟቸው ለሴቶች የሚያውሱትን ባለ ጥልፍ ቀሚስ ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ዞር ብለው አዩዋት፤ በሥራ ልብሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሱን ተዉት።

"እጆችሽን" አሉ ወደ ካሜራቸው ተመልሰው። "እጆችሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊ ልጄ። እንዲታዩ።"

ያ ቤት ያነሳው የመጨረሻ ፎቶ ይኸው ነው።

አራት መቶዎቹ ግን አልተቃጠሉም። ትርንጎ ካርቶኖቹን በጋሪ ጭና የሠራተኞች ክበብ ወሰደችና ግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው፤ የከተማው ሰው እየመጣ የራሱን እንዲፈልግ። ሰዉ ጎረፈ። ልጆች ከፎቶ ፎቶ እየዞሩ ፈለጉ። ያ ሁሉ ሕዝብ መጥቶ ዘመዱን ለይቶ የወሰደው ሰባት ሰው ብቻ ነው። አንድ ጡረተኛ ሸማኔማ አንዱ ፎቶ ፊት ቆሙና "ይሄ ባለጸጋ ደግሞ ማነው? በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አልነበረም" አሉ። ሚስታቸው ጎሸም አደረጓቸው። "አንተ ነህ እኮ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና አገላብጠው ሲያዩት ቆዩ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ኮት ይዋሱታል፤ ከረባትም ይዋሱታል፤ የማይሠራ ሰዓትም ይዋሱታል። የሠራንበትን እጅ ግን የሚያውሰን የለም። ሰው እንዲያከብረን ብለን የምንደብቀው ያው እጅ፣ ነገ የእኛ የሆኑት እኛን የሚለዩበት ምልክት ነው። አንለይ ከተበላሹት ጋር ተጥሎ ሠላሳ ዓመት በር ደግፏል፤ ልጁ ስትመጣ ግን ከአራት መቶ ጌቶች መካከል አባት ሆኖ የተገኘው እሱ ብቻ ነው።

የእናንተም ልጆች አንድ ቀን ሊፈልጓችሁ ይመጣሉ። እስቲ ፎቶአችሁን አውጡና እዩት፤ እጃችሁ የት ነው ያለው?