ስለ ትርሲት ዓይንና ስለ ጧቱ ጠብታ

ምእመናን ሆይ፥ ጆሯችሁን አዘንብሉ፤ የአምላክ እናት እመቤታችን ለአንዲት እናት ያደረገችውን ልንነግራችሁ ነው፤ ምልጃዋ ከሰሚውም ከነጋሪውም አይራቅ።

በወይራ አምባ ማርያም አጥቢያ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች፤ ዕለት ዕለት ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል የማትቀምስ፥ የፍልሰታን ጾምም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳትወጣ የምትፈጽም ነበረች። ትርሲት የምትባል ሕፃን ልጅም ነበረቻት፤ ሕፃኒቱም ግላኮማ በሚሉት የዓይን ግፊት ታመመችና፥ ሐኪሙ ጧትና ማታ በዓይኗ የሚደረግ ጠብታ ሰጥቶ፥ "ይህ ከተቋረጠ ብርሃኗ ይጠፋል፤ የጠፋውም አይመለስም" ብሎ አስጠነቀቃት፤ እናትየውም እንደታዘዘችው ታደርግ ነበር።

ከዚያም ፍልሰታ ገባና ሕፃናቱ ጧት ጧት ሊቆርቡ ተሰበሰቡ፤ ትርሲትም፥ "እማዬ፥ ጠብታው እስከ ጉሮሮዬ ይመረኛል" አለቻት። ይርገዱም ደነገጠችና፥ ጉሮሮ የደረሰ ነገር ሁሉ ጾም ያስፈታል፥ ልጄ ቀምሳ እንዴት ትቆርባለች ብላ የጧቱን ጠብታ ተወችው። ካህን እንኳ አልጠየቀችም፤ ወይ ጉድ፥ ራሷ ሕግ አውጥታ ራሷ ፈረደች! ጥቂት ቀን ቆይቶም የሕፃኒቱ ዓይን ቀላ፥ እንባ አቀረረ፥ ራሷንም ይፈልጣት ጀመር፥ የቀን ብርሃንም ጠልታ ፊቷን በእናቷ ጉያ ቀበረች።

ይርገዱም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተደፍታ፥ "እመቤቴ፥ ከቁርባን ልከልክላት ወይስ ዓይኗን ልጣ? ጨነቀኝ!" እያለች አለቀሰች። ያን ጊዜም በአጥቢያው ታይታ የማታውቅ ነጭ የለበሰች ሴት መጣችና፥ "መድኃኒቱን ወዲህ በይው" አለቻት፤ በሕፃኒቱም ዓይን አንድ ጠብታ አደረገችና፥ በአፍንጫዋ በኩል ያለውን፥ ጠብታው ወደ ጉሮሮ የሚወርድበትን የዓይኗን ጥግ በጣቷ ጫን አድርጋ ጥቂት ያዘችው፤ በሁለተኛውም ዓይን እንዲሁ አደረገች። ከዚያም፥ "መረረሽ ወይ፥ ልጄ?" ብትላት፥ ትርሲት "ኧረ ምንም አልመረረኝም!" አለች። ሴቲቱም ወደ ይርገዱ ዞራ፥ "እኔ የወለድሁት ከሕፃን እጅ መድኃኒት አይነጥቅም" አለቻትና ከፊታቸው ተሰወረች።

ይርገዱም እየሮጠች ለደብሩ አስተዳዳሪ ለቄስ እንግዳወርቅ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም፥ "አንቺ ሴት፥ ምነው ብትጠይቂኝ ኖሮ? የታመመን መድኃኒት መቼ ከለከልን!" ብለው ተቆጧትና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሰደዷት፤ ሐኪሙም ግፊቱን ለክቶ፥ "ብርሃኗ ተርፏል፤ ጠብታውን ግን ዳግመኛ እንዳታቋርጪ" አላት።

በማግሥቱም ጧት ትርሲት ጠብታዋን አድርጋ ቆረበች። ይርገዱም ከቅዳሴ በኋላ በእናቶች መካከል ቆማ፥ ስሕተቷን ሳትሸሽግ እመቤታችንን እያመሰገነች፥ ጣት የት እንደሚያርፍ በልጇ ዓይን ላይ አሳየቻቸው፤ ልጆቻቸው ያልታመሙትም ሳይቀሩ እያለቀሱ አዩ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ እመቤታችን የልጆቻችሁን ዓይን ትጠብቅላችሁ፥ የጨነቃችሁን የምትጠይቁበት አንደበት አታሳጣችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።